የቀለም ድንጋይና ማግኔት የሳበው ክኒን

ማንነቴን እኔው ራሴ አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ያሳንሰዋል። በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ሲታመም ወደ ሐኪም ቤት፣ ሬዲዮው ሲታመም ወደ እኔ ይሄድ ነበር። ልዩነቱ ከእኔ ዘንድ ሳይድን የተመለሰ አለመኖሩ ነው።

አባቴ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የብራና ጸሐፊ ነበሩ። እኔን ለድጓ አስበውኝ ዜማ ቤት አስገቡኝ። አራት ዓመት ተማርሁ። አንድ ቀን ግን አንድ ነጋዴ በታንኳ ይዞት የመጣውን የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቼ ገጠምሁና ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ልቤ ወደ ድጓው አልተመለሰም። ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛውንም ዳዊት እንደሚደገም መዝገበ ቃላቱን ከፊት እስከ ኋላ ደግሜ ያዝሁት። በኋላ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀጠርሁ። የቅጥር ወረቀቴ «የቤተ ሙከራ ረዳት» ይላል። ረዳትነቱ በወረቀት ነው፤ እኔ የቀረሁ ቀን ቤተ ሙከራው ተዘግቶ ይውላል። ዲግሪ የጫኑ ሰዎች «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ነገር ይዩልኝ» እያሉ ደጃፌ ላይ ሲቆሙ የኖርሁ ሰው ነኝ። «አላውቅም» የሚል ቃል እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ ከአፌ አልወጣም።

እንግዲህ የምጽፈው ያ ቃል እንዴት እንደወጣ ነው።

አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጣት መምህር ተመድቦ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲሄድ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር። ከአንድ ሶሻሊስት አገር ትምህርቱን ግማሽ ላይ አቋርጦ እንዲመለስ ተደርጎ ነው የመጣው። የውጭ አገር መምህሩ ግን ተስፋ ሰጥተውት ነበር፤ የጀመረውን ንጥረ ነገር እዚህ ሠርቶ ከላከና ልክ ከሆነ፣ ትምህርቱን እንዲጨርስ ይጠሩታል። ሌላም ነገር ነበረበት። ታላቅ ወንድሙ በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ አልተመለሰም። ይህም በፋይሉ ውስጥ አለ። ፋይሉን የሚያነበው ደግሞ የትምህርት ቤታችን ካድሬ ነበር። የሌላ ሰው ጥፋት ጥፋት ተብሎ ያልፋል፤ የመምህሩ ጥፋት ግን አሻጥር ይባላል። በዚያ ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ማንም አይጠይቅም ነበር።

በዕድሜ እበልጠዋለሁና አንተ እለው ነበር፤ እሱ ግን እርስዎ ይለኛል። የመጣ ሰሞን ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ስምንት መቶ ዲግሪ የሚደርስ እቶን እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ጠይቄ የለም አሉኝ።»

«አዲስ አበባ የለም ካሉ ባሕር ዳር አለ ማለት ነው» አልሁት።

በሁለት ሳምንት ሠራሁለት። የእሳት ጡቡን ከፋብሪካ ውዳቂ ለቀምሁ፤ ሽቦውን ከአሮጌ ማሞቂያ ፈታሁ፤ ጭቃውን የባለቤቴ ዘመዶች ከዱርቤቴ ከተማ አመጡልኝ። እቶኑ ሲግል መምህሩ ሙቀት መለኪያውን አይቶ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሳይጠየቅ ደግሞ ስለ ሥራው ይነግረኝ ጀመር፤ እኔም እንደ መምህራኑ ራሴን እየነቀነቅሁ የማልፍ ሰው አይደለሁም፤ እጠይቃለሁ።

የሚሠራው ከሦስት ብረታ ብረት ኦክሳይድ ነው፦ ከእርሳስ፣ ከኮባልትና የአምፖል ክር ከሚሠራበት ከተንግስተን። ሦስቱ ዱቄት በደንብ ተፈጭተው፣ ተደባልቀው፣ እንደ ክኒን ተጠፍጥፈው ይተኮሳሉ። ሲበስል ውስጡ በሥርዓት ይደረደራል። ይህን አደራደር ፔሮቭስካይት ይሉታል።

«ብዙ ቤቶች ያሉበት ሰፈር አድርገው ይዩት» አለኝ። «የእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ስድስት ኦክስጅን ነው። በአንዱ ቤት ኮባልት ይቀመጣል፣ በቀጣዩ ተንግስተን፣ ደግሞ ኮባልት፣ ደግሞ ተንግስተን። ሳይዛነፍ ከተፈራረቁ ሥርዓት ያዘ እንላለን። በቤቶቹ መካከል ያሉት እርሳሶች ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ካሉ ድንጋዩ ዋልታ አለው እንላለን።»

«ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ሁሉ ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብለው?»

«እንደሱ ነው» አለ።

«ማግኔቱስ?»

«ኮባልት ትንሽ ማግኔት ናት። ግን በከባድ ብርድ ብቻ ነው ሥርዓት የምትይዘው፤ አየር ራሱ ፈሳሽ ሆኖ ከሚንቆረቆርበት ብርድ በታች። ያን ጊዜም ቢሆን ጎረቤታሞቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያዩ ድምሩ ባዶ ነው።»

ካድሬው አለመኖሩን በመስኮት አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ?» አልሁት። «የቀኝና የግራ መዘምራን ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሲያሸበሽቡ የቀኞቹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ የግራዎቹ ወደ ቀኝ። ሁሉም በኃይል ይንቀሳቀሳል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ወዴትም አይሄድም።»

ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ጋሼ፣ እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ። ቃል በቃል ያለው ነው፤ አልጨመርሁበትም።

የመጀመሪያዎቹን ክኒኖች ሠራን። አንዱን አዲስ አበባ ልኮ የራጅ ፊልም አስነሣለት። ፊልሙ ላይ ወፍራም መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች። ቀጫጭኖቹ የተፈራረቁት ቤቶች ምልክት ናቸው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አነባበቡን አሳየኝ። «መስመሮቹ ደክመዋል፤ ሥርዓቱ ግማሽ ነው። ዱቄቱ የበለጠ መፈጨት አለበት» አለኝ። መፍጨቱ የእኔ ሥራ ነበር።

የሚፈጨው አጌት በሚባል ድንጋይ ሙቀጫ ነው። ከውጭ በሻንጣው ይዞት የመጣ፣ መስታወት የመሰለ፣ የመዳፍ ያህል ነገር ነው። አንድ ጠዋት ሳጥበው ከእጄ ሾለከና ሲሚንቶው ላይ ሦስት ቦታ ሆነ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ከእጄ ዕቃ ወድቆ የማያውቅ ሰው ነኝ። ስብርባሪውን ከመደርደሪያው ኋላ ወሸቅሁትና ቤቴ ሄጄ የተሻለ ነገር አመጣሁ፤ የአባቴን የቀለም ድንጋይ ከነመጁ። አባቴ በዚያ ድንጋይ ላይ የብራናውን ቀለም ሲፈጩ ዱቄቱ በጣት መካከል እንደ ውሃ ያልፍ ነበር። ጥቁር፣ ከባድ፣ ከሐይቁ ዳር የተጠረበ ድንጋይ ነው። ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ ከዳዊታቸው ጋር የተቀመጠ ብቸኛ ውርሴ ነበር። ሦስት ቀን ፈጨሁ። ዱቄቱ እንዲያ ልሞ አያውቅም። መምህሩ በጣቱ ነክቶ፣ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለኝ። እኔም ምርቃቱን ተቀበልሁ።

ክኒኖቹ ከእቶኑ የወጡ ዕለት ጠረጴዛው ላይ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበትኖ ነበር። ለአብዮቱ በዓል እንድጠግነው በአደራ የተሰጠኝ ነው። የማጉያውን የማግኔት ቀለበት አንሥቼ ወደ ጎን ላደርግ ስል አንዷ ክኒን ጠረጴዛው ላይ ተንሸራታ መጣችና ጠቅ ብላ ተለጠፈች።

መምህሩ ጠረጴዛውን ዞሮ አጠገቤ መጣ።

«ይድገሙት» አለ መምህሩ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ክኒኗን አላቅቄ አራቅሁ። ማግኔቱን አቀረብሁ። ጠቅ።

«አይሆንም» አለ። «ይድገሙት።» ጠቅ። ሌላዋን ሞከርን፤ ጠቅ። አሮጌዎቹን ሞከርን፤ እነሱ ንቅንቅ አላሉም። አዲሶቹ በሙሉ እየተንሸራተቱ መጡ። መምህሩ ወንበር ፈለገና ወንበር በሌለበት ሊቀመጥ ሲል ያዝሁት።

«ጋሼ፣ ዋልታም ማግኔትም የሆነ፣ በዚህ ሙቀት! እንዲህ ያለ ነገር ከመጽሐፍ አላነበብኩም። ሥርዓቱ ስለጠነከረ ይሆን? መፍጨቱ ነው? ምን አደረጉ?»

«እጅ ነው» አልሁት። እውነቴን ነበር የመሰለኝ። ከሱ የበለጠ የደነገጥሁት ግን እኔ ነበርሁ፤ በዓለም ላይ የሌለ ነገር በእጄ ተሠራ ብዬ መዳፌን አገላብጬ አየሁት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከበር ወጣ። ካድሬው ማምሻውን ገባ። ክኒኖቹን አይቶ፣ «ማነው የታመመው?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ጠቅ ሲል ሲሰማ ግን ሳቁ ቆመ። አስር ጊዜ ያህል ራሱ ሞከረው።

«ኢምፔሪያሊስቶቹ ይህ አላቸው?»

«ጓድ፣ ገና አልተጣራም» አለ መምህሩ። «በውጭ አገር ቢለካ…»

«ማጣራቱን ለእኔ ተወው። ለአብዮቱ በዓል ኤግዚቢሽን ላይ ይቆማል። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ የውጭ ኤክስፐርቶችም አብረው አሉ። አንተ ታብራራለህ።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «የወንድምህንም ነገር ይህ ያጥበዋል።»

መምህሩ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን፣ ምን ልዋሽ፣ የምለብሰውን ኮት እያሰብሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እሑድ ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የቀለም ድንጋዩን አጥቤ ፀሐይ ላይ አኖርሁት። ለባለቤቴ ነገሩን ለሦስተኛ ጊዜ እየተረክሁላት ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ትሰማኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዲህ ማግኔቱም ደከመው፤ አስቀምጠው» አለችኝ።

ከተቀረው ማጉያ ጋር ቤት ያመጣሁትን የማግኔት ቀለበት ድንጋዩ ላይ ጣል አደረግሁት። ሳነሣው እንደማንሣት አልሆነልኝም፤ ያዝ አደረገኝ። አገላብጬ ሳየው የመጁ ብናኝ እንደ ጢም ቆሞበታል። ጥቁር ጢም።

ባለቤቴ ቀና ብላ፣ «ድንጋዩም ማግኔት ሆነ?» አለች።

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን አጌቱ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ተመለሰ። ሳልመልስላት ተነሥቼ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ውሃው የሚመላለስበት ቦታ ላይ ያለውን ጥቁር አሸዋ በቀለበቱ ነካሁት። አሸዋው ተነሥቶ ቆመ። ጥቁሩን አለት ነካሁት፤ ያዝ አደረገኝ። የጣና ዳር ድንጋይ ሁሉ በውስጡ የማግኔት ቅንጣት ያለው ነው! ዕድሜዬን ሙሉ የረገጥሁት ድንጋይ፣ የአባቴ ርስት፣ በመምህሩ ዱቄት ውስጥ ሦስት ቀን ሲፋቅ ሰንብቷል። ማግኔት የሳበው አዲሱን ንጥረ ነገር አይደለም፤ የባሕር ዳርን አቧራ ነው።

እዚያው አለቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥሁ አላስታውስም። ስለ ክኒኑ አላዘንሁም። ያሰብሁት የውጭ ኤክስፐርቱ ክኒኑን ሲመረምርና ሳቁን ሲይዝ፣ ካድሬው በእንግዶቹ ፊት ሲዋረድ፣ ከዚያም ወደ መምህሩ ዞር ሲል ነው።

መምህሩ የተከራየው ቤት ፋሲሎ ሰፈር ነበር። ሸሚዝ ሲተኩስ አገኘሁት። ከማጉያው ማግኔት ጋር አንድ እፍኝ አሸዋ በወረቀት ይዤለት ሄጃለሁ። ሳልናገር ወረቀቱን ዘረጋሁና ማግኔቱን ከሥሩ አንቀሳቀስሁት። አሸዋው ተከተለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዱቄትህን የፈጨሁበት ድንጋይ ነው። አጌቱን ሰብሬዋለሁ።»

ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረሳው፤ ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው ያነሣው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አልጋው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ያዘ።

«ስብርባሪውን አይቼዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«በማግስቱ። ከመደርደሪያው ኋላ። በምን እንደፈጩት ልጠይቅዎ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ላሳፍር? በሌላ ሙቀጫ ፈጭተውት ይሆናል አልኩ።» ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «ስድስት ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ቃል መጠየቅ አፈርኩ።»

ይህን ስሰማ የደነገጥሁት ከሐይቁ ዳር ይበልጥ ነው። እኔ በኩራት ደበቅሁ፤ እሱ በአክብሮት ዝም አለ። በሁለታችን መካከል አንድ ትልቅ ውሸት ሲያድግ አየነው፤ ዋሽቼ አላውቅም የምንል ሁለት ሰዎች።

«ነገ የኤግዚቢሽኑ ዝግጅት ስብሰባ ላይ እኔ እናገራለሁ» አለ። «እርስዎ ልጆች አሉዎት።»

«አንተ ብትናገር አሻጥር ይሉታል። እኔ ብናገር ድንቁርና ይሉታል። ድንቁርና አያስገድልም።»

ይህን ያልሁት ቶሎ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ምን እንዳልሁ ገባኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት አላዋቂ ነኝ ማለት አለብኝ።

የኤግዚቢሽኑ ስብሰባ ሰኞ ጠዋት ነበር። መምህራኑ ሁሉ ተቀምጠዋል። ካድሬው ክኒኖቹን በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ «ጓድ መምህር ያብራራልናል» ሲል፣ መምህሩ ሳይነሣ እኔ ተነሣሁ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ማብራሪያው ከእኔ ዘንድ ነው» አልሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ አሸዋውን አፈሰስሁ፤ ማግኔቱን አንቀሳቀስሁ። ከዚያ ድንጋዩን አወጣሁ። አጌቱን መስበሬን፣ መደበቄን፣ በአባቴ ድንጋይ መፍጨቴን በቅደም ተከተል ተናገርሁ። አሮጌዎቹን ክኒኖችም አሳየሁ፤ አልተሳቡም። «መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር። የእኔ ሥራ ነው» አልሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ጫማውን ያያል።

የካድሬው ከንፈር ነጣ። ዜናውን ወደ ላይ አስተላልፏል። «ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም ጓድ።»

«ታዲያ አንተ አይደለህም እንዴ ሁሉን አውቃለሁ የምትለው? ከተማው ሁሉ የሚያወራልህ?»

መምህሩ ሊነሣ ሲል አየሁት። ስለዚህ ፈጠንሁ። «አላውቅም ጓድ ኃላፊ። ያልተማርሁ ሰው ነኝ።»

«ከፍ አድርገህ! ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ያልተማርሁ ሰው ነኝ! ድንጋይ ከድንጋይ የማልለይ አላዋቂ ነኝ!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ሬዲዮውን ሁለት ጊዜ ጠግኜለታለሁ። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ካድሬው ክኒኖቹን ከነቀይ ጨርቁ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ «መምህሩ ወደ ክፍሉ ይሂድ። ይህን ሰው ውሰዱት» አለ።

የቀበሌው መጋዘን ውስጥ፣ በባዶ ጆንያዎች መካከል፣ አስራ አንድ ቀን ታሰርሁ። አልመቱኝም። የከበደኝ በሩ በተከፈተ ቁጥር መምህሩን ይዘውት የመጡ እየመሰለኝ መደንገጤ ነበር። አላመጡትም። ጥፋቱን ሲመዘግቡ ቃሉ «በዕውቀት ማነስ» ሆኖ ነበር፤ መዝገቡ ፊቴ ስለተጻፈ ገልብጬ አነበብሁት። ደስ አለኝ፤ አንገቴ ላይም እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

በአስራ አንደኛው ቀን የበዓሉ ዋዜማ ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለበዓሉ ማጉያውን ፈልጎ ቤቴ ሄደ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቁርጥራጩን በሰፌድ አድርጋ ጠበቀችው።

«ይኸውላችሁ፣ ማጉያችሁ። የሚገጥመው የተማረ ሰው ካላችሁ ውሰዱት» አለችው።

የተማረ ሰው ሦስት አመጡ። አንዱ ሽቦውን አቃጠለው። ከሰዓት በኋላ እኔን አወጡኝ። ገና ፊቴን ሳልታጠብ ቁጭ ብዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠምሁት። በማግስቱ ካድሬው በዚያ ማጉያ ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ክኒኑ ትንፍሽ አላለም፤ ከዚያም በኋላ እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤታችን ተደርጎ እንደማያውቅ ሆነ። ለላይኞቹ ምን እንዳላቸው አላውቅም። ይኸው፣ ሁለተኛ ጊዜ «አላውቅም» አልሁ።

መምህሩ ከሐኪም ቤት መድኃኒት ክፍል ነጭ ሙቀጫ ለመነ። ዱቄቱን እሱ ፈጨ፤ እኔ እቶኑን ጠበቅሁ። አሁን በየቀኑ ይጠይቀኛል፦ «ጋሼ፣ በምን አጠቡት? የት አስቀመጡት?» ሳይሽኮረመም ይጠይቃል፤ እኔም ሳልቆጣ እመልሳለሁ። ክኒኖቹ ተላኩ። የሚቀጥለው ክረምት አልፎ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበልኝ፦ ቤቶቹ ሳይዛነፉ ተፈራርቀዋል። እርሳሶቹ ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ብለዋል። ማግኔትነቱ የሚመጣው በዚያ በከባድ ብርድ ብቻ ነው፤ ጎረቤታሞቹ ተቃራኒ ያያሉ፤ ድምሩ ባዶ ነው።

«የቀኝና የግራ መዘምራን» አልሁ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ወዴትም አይሄድም» አለና አቀፈኝ። በሚቀጥለው ወር ትምህርቱን ሊጨርስ ሄደ።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰው ሲረሳ አይቻለሁና ያደረግሁትን ራሴ ልቁጠር። አዲስ አበባ የሌለ እቶን ከውዳቂ ሠራሁ። የራጅ ፊልም በመስኮት ብርሃን ማንበብ ቻልሁ። ዋልታ ያለውን ድንጋይ በደንገል፣ ማግኔቱን በማኅሌት አስረዳሁ፤ የተማረ ሰው ያመነልኝ ማብራሪያ ነው። የጣና ዳር ድንጋይ ማግኔት እንደሚስበው ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መምህር አገኘሁ። የተበተነ ማጉያ በግማሽ ቀን ገጠምሁ። አንድን ሰው አሻጥረኛ ከመባል አዳንሁ። ሁሉም ጫማውን በሚያይበት አዳራሽ ውስጥ፣ ኋላ ያሉት እስኪሰሙ ድረስ፣ «አላውቅም» ብዬ ጮኽሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ ሥራ ይህ ነበር፣ ከሁሉም በደንብ የሠራሁትም ይህንኑ ይመስለኛል። የአባቴ ድንጋይ ደግሞ አለ። ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት ትደቁስበታለች፤ ወጡን ማግኔት ቢስበውም የሚጠይቀን የለም።